ማንኳኳቱን የሰሙት እናት

መስቀል ፍላወር ላይ ስቱዲዮዬ የነበረበት ፎቅ ሊፈርስ ነው ሲባል፣ ሌላ ቤት ልፈልግ ወይስ ይብቃኝ ብዬ ብዙ አላሰብኩም። ይብቃኝ አልኩ። ጉልበቴ ካሜራ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ከጠላ ቆይቷል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያሠሩት ልጆችም አሁን የሚፈልጉት ድሮን ያለው ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሙሽራን ከሰማይ ላይ ማየት ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሚሸጠውን ዕቃ ሸጬ የማይሸጠውን ቤቴ አስገባሁ። አሁን ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት የለኝም።

ባለፈው ሰሞን ባንክ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሳሎን የተከመረውን የድሮ ካሴት እያየች፣

«አጎቴ፣ አንተ ሆረር ትሠራ ነበር የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ሁለት ሠርቻለሁ።»

«ማለቴ፣ ያኔ እኮ ሆረር የሚሠራ ሰው አልነበረም። ማን ነው ያስተማረህ?»

ስለ ጋሽ መርዕድ ነገርኳት። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ሰማችኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኳት ታወቀኝ፤ ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

የተወለድኩትም ያደግሁትም ካዛንቺስ ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን ሥራ ፈት ሆኜ ስዞር ከርሜ፣ ስታዲየም አካባቢ አንድ የፎቶና የቪዲዮ ቤት በረዳትነት ቀጠረኝ። ሥራችን ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት መቅረጽ ነበር። ካሜራውን የሚይዙት ጋሽ መርዕድ ናቸው። በቀድሞው መንግሥት የዜና ፊልም ሲያነሡ ኖረው፣ መሥሪያ ቤታቸው ሲበተን ሜዳ ላይ የወደቁ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ያገኙትን ቀሚስና ቬሎ ሲቀርጹ ቅር ሲላቸው አላየሁም። ደስ ሲላቸውም አላየሁም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የምንቀርጽበት ቤት ስንደርስ ካሜራውን ከሻንጣው አያወጡም። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይገቡና አንዱ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሠርጉ ባለቤቶች ይጨነቃሉ።

«ጋሼ፣ ኧረ ሙሽራው ሊገባ ነው!»

«ቤቱን ልስማው» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምን ሰማህ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ምንም» ስላቸው «ውጣና ተመለስ» ብለው ያባርሩኝ ነበር። እየቆየ ጆሮዬ ተከፈተ። ፀሐይ ሲያገኘው ቋ ቋ የሚል ቆርቆሮ፣ በርሜል ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ በግድግዳ የሚያልፍ የጎረቤት ሬዲዮ፣ አንዲት ሴት ጓዳ ውስጥ ብቻዋን የምታጉተመትመው ነገር። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቁና ካሜራቸውን ያነሣሉ። «ሰው ሲፈራ ዓይኑን ይጨፍናል» አሉኝ አንድ ቀን፣ ምን አስበው እንደሆነ እንጃ። «ጆሮውን ግን ምን ያደርገዋል?»

ሌላው ልማዳቸው ከአሮጌ ኮት ገበር የተቀደደ ጥቁር ጨርቅ ኪሳቸው ውስጥ መያዝ ነው። እኔ ፓውዛ በጨመርኩ ቁጥር እሳቸው በዚያ ጨርቅ ግማሹን ይሸፍኑታል። ሁሉም ሠርገኛ ፊቱ እንዲበራ ስለሚፈልግ ባለቤቱ ይቆጣቸው ነበር። እሳቸው ግን የሰውን ፊት ግማሹን ጨለማ ውስጥ ካልተዉ አይወዱትም። ፊልም መሥራት እንደምፈልግ፣ ያውም የሚያስፈራ ፊልም መሥራት እንደምፈልግ ያወቅሁት እነዚያን የሠርግ ካሴቶች ሳይ ነው። ሰዉ እየዘፈነ እየጨፈረ፣ ከጀርባው ያለው ጨለማ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ገንዘቡን ያወጣው ሸምሱ ነው። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ሰንጋ ተራ የቪዲዮ ካሴት ማከራያ ነበረው። ከውጭ የሚመጡት አስፈሪ ፊልሞች መደርደሪያ ላይ እንደማይውሉ ስለሚያውቅ፣ «የራሳችን ቢኖረንማ በቃ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል» ይል ነበር። በቪዲዮ ተቀርጾ ሲኒማ ቤት የሚታይ የአማርኛ ፊልም ገና መጀመሩ ነው። የፍቅር ነበር፣ የቤተሰብ ጠብ ነበር፤ የሚያስፈራ ግን አልነበረም። ተስማማን።

የመጀመሪያው ፊልማችን ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው ነበር። ጋሽ መርዕድ ካሜራውን ለመያዝ እሺ ቢሉም ድርሰቱን አንብበው ምንም አላሉኝም። ዝምታቸው ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን በጅቡ ልብስ ተጠምጄ ነበር። የበግ ቆዳ ገዝተን፣ ጥቁርና ቡናማ ነክረን፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደን አሰፋነው። ጥርሱን ከቀንድ አስቀረጽነው። ደሙን ቀይ ሥር ቀቅዬ፣ ስኳር አክዬ እስኪያጣብቅ እያፈላሁ ራሴ ነበር የምሠራው። ጎረቤቶቼ ወጥ የምሠራ መስሏቸው ነበር።

ፊልሙ ስታዲየም አጠገብ ባለ አዳራሽ የታየ ዕለት ቦታው ሞልቶ ሰው ቆሟል። እኔና ጋሽ መርዕድ ከኋላ ተቀመጥን። ጅቡ እስኪመጣ ድረስ ሰዉ ፀጥ ብሎ ነበር። መጣ። ወደ ልጅቷ ሲጠጋ ጀርባውን ሰጠን፤ አንገቱ ላይ ያለችው ዚፕ በፓውዛው ብርሃን ብልጭ አለች።

«ወንድሜ፣ ዚፑን ዝጋው!» አለ አንዱ ከመሐል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጅቡ በመጣ ቁጥር «ዚፕ! ዚፕ!» ነው። ልጅቷ ስትሞት አጨበጨቡ። እናቷ ስታለቅስ ከእሷ ጋር እየጮኹ አለቀሱ። ስንት ወር የለፋሁበት ነገር እንደዚያ ሲሳቅበት አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን ማሰሪያ እያየሁ ጨረስኩት። ሸምሱ በር ላይ ቆሞ ከሚወጣው ሰው ጋር እየሳቀ ይጨባበጣል፤ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። በማግስቱ ወሬው ካዛንቺስ ደረሰ። «ዚፑ መጣ» እስከመባል ደረስኩ።

ፊልሙ የታየ ዕለት ከአዳራሹ እንደወጣን ከጋሽ መርዕድ ጋር ካዛንቺስ እስክንደርስ በእግራችን ሄድን። አንድ ካፌ በር ላይ እንደ ልማዳቸው ቆመው ማኪያቷቸውን ጠጡና፣

«አልፈሩም» አሉ።

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«ለምን ይፈራሉ? የዚህ ሰፈር ሰው የፈራው ጅብ ነው እንዴ? አንተ እዚህ አይደል ያደግኸው?»

የማኪያቶውን ሒሳብ ከፍዬ ተመለስኩ።

«በደርግ ጊዜ ወንድሜን ሲወስዱት እኔ ነበርኩ በሩን የከፈትኩት» አሉ፣ የባዶውን ብርጭቆ ጠርዝ በጣታቸው እየዳበሱ። አብሬያቸው ስሠራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ወንድም እንደነበራቸው የሰማሁት ያን ዕለት ነው። «የሚገርምህ፣ በኃይል አይደለም ያንኳኩት። በጨዋ ደንብ፣ እንደ ጎረቤት ነው። ቤቶች፣ ደህና አመሻችሁ ብለው ነው የገቡት። እኔ እስከ ዛሬ ሰው በጨዋ ደንብ ሲያንኳኳ ቶሎ አልከፍትም።»

ሁለተኛው ፊልም የተወለደው እዚያ በር ላይ ቆመን ነው። ታሪኩ ቀላል ነበር። አንዲት እናት አንድ ልጇን በዚያ በክፉው ዘመን ወስደውባታል። ሞተም አለም ያላት የለም። ከዓመታት በኋላ ሲመሽ በሯ ይንኳኳል፤ ስትወጣ ማንም የለም። በየቀኑ ይንኳኳል። የሚያንኳኳው ልጇ ይሁን ልጇን የወሰዱት ይሁኑ አታውቅም። መጨረሻ ላይ መወርወሪያውን ይዛ ቆማ ሳለች አንዴ ይንኳኳና ፊልሙ ይጨልማል። አለቀ። ስሙን «ያንኳኳው ሰው» አልነው። ሸምሱ ድርሰቱን ሳነብለት ፂሙን እያሻሸ አዳመጠና፣ «ጭራቅ የለውም?» አለኝ። የለውም አልኩት። «ደም?» የለውም። «አላህ ይርዳን በቃ» አለ።

እናቲቱን የሠራችው ዝናሽ ናት። ዝናሽ የቲያትር ሰው ነበረች፤ በዕድሜዋ ምክንያት የሚሰጧት የቤት ሠራተኛና የአክስት ቦታ ብቻ ሆኖባት የመረራት ትልቅ ተዋናይ ናት። የቀረጽነው ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ ባለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የሌሊቱን ትዕይንት ሁሉ የቀረጽነው በቀን ነበር፤ መስኮቱንና ስንጥቁን ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ሸፍነን። ቆርቆሮው ከላይ ይፋጃል፣ ፓውዛው ከታች። የዝናሽ ፊት ላይ ያለው ፓውደር በላብ ይወርዳል፤ እሷ ግን «ብርድ ነው ያልከኝ አይደል?» ብላ ነጠላዋን እየደረበች እውነት ትንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁሉ የደከምነው ለማንኳኳቱ ነው። የብረት በር ሞከርን፤ አገር ሰማው። ወፍራም ሳንቃ ሞከርን፤ የአናጢ ሥራ መሰለ። ጋሽ መርዕድ ቴፕ ይዘው ሰፈሩን እያዞሩ የሰው በር ሁሉ አስንኳኩኝ፤ «ማነው?» ብሎ የሚወጣውን ሁሉ ይቅርታ እየጠየቅሁ። መጨረሻ ላይ ያገኘነው አንድ ያረጀ፣ ከውስጥ ጋዜጣ የተለጠፈበት የጣውላ በር ነው። ድምፁ ሰው ደረት ላይ የሚንኳኳ ይመስላል። ጋሽ መርዕድ ራሳቸው በጣታቸው መገጣጠሚያ ቀስ ብለው አንኳኩ። ከዚያ ጆሯቸው ላይ ያደረጉትን ማዳመጫ አውልቀው ሰጡኝና ግቢው ጫፍ ሄደው ለብቻቸው ቆሙ።

ፊልሙ ሲታይ እዚያው አዳራሽ ነበርን። የሚስቅ አልነበረም። የመጀመሪያው ማንኳኳት ሲሰማ ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ዞረው የአዳራሹን በር አዩ። እየቆየ ሰዉ መሳል እንኳ ተወ። መጨረሻው ደረሰ፤ ዝናሽ መወርወሪያውን ያዘች፣ ተንኳኳ፣ ጨለመ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከፊት ረድፍ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ።

«ክፈቺለት! ክፈቺለት እንጂ!»

መብራቱ ሲበራ ማንም ወደ እሳቸው አልዞረም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ የአዳራሹ ጥበቃ በር ላይ አስቆመኝ። «እኒያ የጮኹት እናት በየቀኑ ይመጣሉ። ቲኬት ቆርጠው ፊት ይቀመጣሉ። መጨረሻው ላይ ቆመው ነው የሚያዩት። አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አለኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሄጄ መውጫው ላይ ጠበቅኋቸው። አጭር፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ ሴት ናቸው። የሺ ይባላሉ፤ ቤታቸው ቂርቆስ ነው። ፊልሙን የሠራሁት እኔ መሆኔን ስነግራቸው ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ነህ? እግዜር ይስጥህ። እንግዲያው ንገረኝ፤ በሩን የሚያንኳኳው ማነው?»

«እማማ፣ እኔም አላውቅም።»

«ራስህ ሠርተኸው እንዴት አታውቅም?»

«ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሰው የየራሱን እንዲያስብ…»

«እኔማ አስቤ ደክሞኛል ልጄ» አሉ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ዳዊት ይባላል። ተማሪ ሳለ ከቤት ወሰዱት። አብሮት ታስሮ የነበረ አንድ የሰፈር ልጅ ሲፈታ «ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ዘመድ እርም አውጪ ቢላቸው እንቢ አሉ። አስከሬን ሳላይ፣ መርዶ ሳይነገረኝ የምን ልቅሶ ነው ብለው። ልቅሶ ሳይቀመጡ፣ ጥቁር ሳይለብሱ ኖሩ። «በሬን ዘግቼ አላውቅም» አሉኝ። «ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው። በአንተ ፊልም ላይ ያቺ ሴት መወርወሪያ ይዛ ስትቆም ግን አንጀቴ እርር ይላል። ለምን አትከፍትም? እባክህ፣ አስከፍታት።»

ይህን ይዤ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ መርዕድም ነበሩ። ሸምሱ መጀመሪያ «ክፍል ሁለት ማለት ነዋ!» ብሎ ነበር፤ ስለ ዳዊት ስነግረው ግን የያዘውን ካሴት አስቀመጠ። እኔ ያሰብኩትን ተናገርኩ። አንድ ወጣት ልፈልግ፣ በሩ ሲከፈት ልጁ ይግባ፣ እናቱን ይቀፋት፣ ለእማማ የሺ ብቻ እናሳያቸው።

«ከየት ያመጣኸውን ልጅ?» አሉኝ ጋሽ መርዕድ።

«ተዋናይ ነዋ ጋሼ።»

«እና ይሄ ዳዊት ነው ልትላቸው ነው? እኔ ወንድሜን መስሎ የሚቆም ሰው ብታሳየኝ ምን የማደርግህ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልዝጋባቸው?»

«ክፈተው» አሉ ጋሽ መርዕድ። «ያለውን አሳያቸው።»

ያ ቤት ገና አልተከራየም ነበር፤ ተመልሰን ገባን። ዝናሽ ያንኑ ልብስ ለብሳ መጣች። ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም። ጥቁሩን ላስቲክ ከመስኮቱ ቀደድነው። መብራት አላበራንም። ተንኳኳ፤ ዝናሽ መወርወሪያውን ሳበችና በሩን ከፈተች። ከውጭ የነበረው የግቢው ብርሃን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ እርጥብ ድንጋይ ብቻ ነበር። ውጪ ሳልላት የበሩን ደፍ ተሻግራ ወጣች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘችና እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ መርዕድ ካሜራውን አላንቀሳቀሱም። ጥቁሩን ጨርቅም ያን ቀን ከኪሳቸው አላወጡትም።

ካሴቱን፣ ማጫወቻውንና ቴሌቪዥኑን በሸምሱ መኪና ጭነን ቂርቆስ እማማ የሺ ቤት ወሰድን። አንድ ክፍል ቤት ነው። ግድግዳው ላይ አፍሮ ያበጠረ ልጅ ፎቶ ተሰቅሏል። እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ቆምን። ማንኳኳቱ ሲሰማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በሩ ተከፈተ። ምስሉ ውስጥ ያለውን ባዶ ግቢ ጠጋ ብለው አዩት።

«ማንም የለም?» አሉ።

«ማንም የለም እማማ።»

«ደጁንስ በደንብ አየችው?»

«አይታዋለች።»

ካሴቱ አልቆ ቴሌቪዥኑ ሽሽሽ እያለ ሲቀር እንኳ ማንም ሊያጠፋው አልደፈረም። እንደተሳሳትኩ፣ አንድ ነገር እንደሰበርኩባቸው አሰብኩ። እሳቸው ግን ተነሥተው ፎቶውን ከግድግዳው አወረዱት። አቧራውን በመዳፋቸው ጠርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «ዳዊቴ» ብለው ጀመሩ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ለዚያ ሁሉ ዓመት አጥብቀው የያዙት ነገር በአንዴ ለቀቀ። የጎረቤት ሴቶች እየሮጡ ገቡ፤ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ፎቶውን አይተው አወቁ፣ እነሱም ጮኹ። ዞር ስል ጋሽ መርዕድ በሩ ጋ ቁጢጥ ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነዋል። እሳቸውም የሚያለቅሱት ለማን እንደሆነ ገባኝ።

እድሩ ድንኳን ተከለ። በማግስቱ ስንመጣ መንገዱ ግማሹ ተዘግቶ ነበር። ሸበቶ የሆኑ የዳዊት የክፍል ጓደኞች፣ አብሮት ኳስ የተጫወቱ ሰዎች፣ ስሙን ከወላጆቻቸው አፍ ብቻ የሰሙ ወጣቶች መጡ። እማማ የሺ ጥቁር ለብሰው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ዝናሽ አጠገባቸው ናት፤ ሸምሱ ውኃ ያመላልሳል። እኔ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሜ ሳለ ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘመዳቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ይሄ ልጅ ደግሞ የማን ነው? ለሟቹ ምኑ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ፊልም ሠሪ ነኝ ልበል? እማማ የሺ ቀና አሉ።

«መርዶዬን የነገረኝ እሱ ነው» አሉ። «ቦታ ስጡት።»

ሽማግሌው ተጠጉልኝ፤ ተቀመጥኩ። ጋሽ መርዕድ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ የሠራንበት ቤትም ከሰፈሩ ጋር ፈርሶ አሁን መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞበታል። ሸምሱ ሦስተኛ አስፈሪ ፊልም እንድሠራለት ዓመታት ወተወተኝ። የሚያስቅ ሠራሁለት፣ የሚያፋቅር ሠራሁለት። የሚያስፈራ ግን ከዚያ ድንኳን ከወጣሁ በኋላ አልሠራሁም።